የወርድና የኤክሴል ኩዊክ አክሰስ ቱልባር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የሚመለከቱት በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትን የ2010 እና ከዚያ ወዲህ የወጡ የኦፊስ ቅጂዎች ነው፤ የሜኑዎቹ ስም የተጻፈው በእንግሊዝኛው ኦፊስ ላይ እንደሚነበበው ነው።

ኩዊክ አክሰስ ቱልባር የሚባለው የቱ ነው?

በወርድ፣ በኤክሴል ወይም በፓወርፖይንት መስኮት አናት ላይ በስተግራ በኩል፣ ሴቭ ማድረጊያውና የሠሩትን ወደ ኋላ የምትመልሰው ቀስት የሚገኙበት ጠባብ የአዝራሮች መስመር ነው። በ2007 ሪበን ከሚባለው ሰፊ ሜኑ ጋር አብሮ መጣ። ሪበኑ ታብ በቀየሩ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ይህ መስመር ግን የትኛውም ታብ ላይ ቢሆኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሦስትና አራት ክሊክ የሚፈጅ ትእዛዝ እዚያ ላይ ካስቀመጡ በአንድ ክሊክ፣ ቆየት ብለን እንደምናየው ደግሞ ማውስ ሳይነኩ በሁለት ቁልፍ ይደርሱበታል።

የእኔ ወርድ ላይ ጭራሽ የለም። የት ሄደ?

በአዳዲሶቹ የማይክሮሶፍት 365 ቅጂዎች ተደብቆ ነው የሚመጣው። ሴቭ ማድረጊያው ከፋይሉ ስም አጠገብ ስለሚታይ ቱልባሩ ያለ ይመስላል እንጂ አዝራር አይቀበልም። ለማውጣት ሪበኑ ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው ራይት ክሊክ ያድርጉና «ሾው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚለውን ይምረጡ። በቦታው የሚያገኙት ቃል «ሃይድ» ከሆነ ቱልባሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከሪበኑ ሥር ይፈልጉት። ምንም አዝራር ካልተጨመረበት አንዲት ወደ ታች የምትጠቁም ትንሽ ቀስት ብቻ ሆኖ ስለሚታይ በቀላሉ ዓይን ያልፈዋል።

ሪበኑም አብሮ ከጠፋ ችግሩ የቱልባሩ አይደለም። መስኮቱ ሙሉውን ስክሪን በሚይዝበት አሠራር ላይ ነው ያለው። ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጫፍ አናት ወስደው ክሊክ ሲያደርጉ ሪበኑ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በስተቀኝ ካለው የሪበን ማሳያ ምርጫ «ኦልዌይስ ሾው ሪበን» ወይም በቆዩት ቅጂዎች «ሾው ታብስ ኤንድ ኮማንድስ» የሚለውን ይጫኑ።

አዝራር የምጨምረው እንዴት ነው?

የሚፈልጉትን ትእዛዝ ሪበኑ ላይ ፈልገው ራይት ክሊክ ያድርጉ፤ «አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚለውን ይጫኑ። በቃ። አዲሱ አዝራር ሁልጊዜ በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ይሰለፋል። ምርጫው ደብዝዞ ካገኙት ትእዛዙ ቀድሞውኑ ገብቷል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ከአንድ ትእዛዝ በላይም በአንድ ጊዜ ማስገባት መቻሉን ነው። ሪበኑ ላይ እያንዳንዱ የአዝራር ስብስብ ከሥሩ «ፎንት»፣ «ፓራግራፍ» የሚል ስም አለው። ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ካስገቡት ስብስቡ በሙሉ በአንዲት አዝራር ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሲጫኑት ይዘረጋል። የፎንት ስም መምረጫው ሳጥንም እንዲሁ ይገባል። አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀለ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኢንሰርት ወይም ሌይአውት ታብ ላይ እያሉ ወደ ሆም ሳይመለሱ ፎንቱን ከኒያላ ወደ ሌላ ይቀይራሉ። ሳጥኑ ግን የሦስት አራት አዝራር ቦታ ይወስዳል።

አዝራር ማውጣትና ቅደም ተከተሉን መቀየርስ?

ለማውጣት አዝራሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ሪሙቭ ፍሮም ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» ይበሉ። ትእዛዙ ራሱ አይጠፋም፤ ሪበኑ ላይ እንደነበረ ይቆያል።

ቅደም ተከተሉን በማውስ እየጎተቱ መቀየር አይቻልም። ብዙዎች ሞክረው ሲያቅታቸው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» ይክፈቱ። በቀኝ በኩል ያለው ዝርዝር ቱልባሩ ላይ ያሉት ናቸው፤ አንዱን መርጠው ከጎኑ ባሉት ወደ ላይና ወደ ታች በሚጠቁሙ ቀስቶች ያንቀሳቅሱትና «ኦኬ» ይበሉ። በግራው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ «ሴፓሬተር» የሚል አለ፤ በሁለት አዝራሮች መካከል ቀጭን መለያ መስመር ያሰምራል፤ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ማስገባት ይቻላል።

የምፈልገው ትእዛዝ ሪበኑ ላይ ከሌለስ?

ወደዚያው «ኦፕሽንስ» መስኮት ይግቡ። በግራ በኩል ከላይ «ቹዝ ኮማንድስ ፍሮም» የሚል ተቆልቋይ ሳጥን አለ፤ ሲከፈት «ፖፒውላር ኮማንድስ» ላይ ነው የሚገኘው፤ እዚያ ያሉት ጥቂት ናቸው። «ኮማንድስ ኖት ኢን ዘ ሪበን» ወደሚለው ይቀይሩት፤ ሪበኑ ላይ ቦታ ያጡ ትእዛዞች ተሰብስበው ያሉት እዚያ ነው። የሚፈልጉትን መርጠው «አድ» ይጫኑ።

ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደረ ነው። ዝርዝሩን አንዴ ክሊክ አድርገው የትእዛዙን የመጀመሪያ ፊደል ቢጫኑ ወደዚያ ፊደል ይዘላል። ያኔ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ መሆን አለበት። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሦስት ትእዛዞች ካጋጠሙዎት ማውሱን ሳይጫኑ ላያቸው ላይ ያቆዩ፤ እያንዳንዱ ከየትኛው ታብ እንደመጣ የሚናገር ጽሑፍ ይወጣል። ከጎኑ ቀስት ያለበት ተቆልቋይ ዝርዝር ይከፍታል፤ ቀስት የሌለው ሥራውን ወዲያው ይሠራል።

የትኞቹን ትእዛዞች ላስገባ?

በኪቦርድ የሚሠራ ነገር ቦታ አይገባውም። ሴቭ፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ ቦልድ ሁሉም በኮንትሮል ቁልፍ ከዚህ ቱልባር በፈጠነ መንገድ ይሠራሉ። የሚገባው በየቀኑ የሚያስፈልግዎት ሆኖ ወይ ሪበኑ ውስጥ ተቀብሮ ያለ፣ ወይ ጭራሽ ሪበኑ ላይ የሌለ ነው። ከዘጠኝ ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ስለ አልት ቁልፍ በሚናገረው መልስ ውስጥ አለ።

ወርድ ላይ ደብዳቤና ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው እነዚህ ይጠቅማሉ። «ፐብሊሽ አዝ ፒዲኤፍ ኦር ኤክስፒኤስ» ሰነዱን በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል። «ሪፒት ሄደር ሮውስ» ሠንጠረዥ ወደሚቀጥለው ገጽ ሲያልፍ የአርእስት ረድፉን አብሮ ይደግማል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ካልቆሙ በቀር ታቡ ራሱ ስለማይወጣ ሰው ፈልጎ ያጣዋል። «ፕሪንት ፕሪቪው ኤዲት ሞድ» ሕትመቱ የሚወጣበትን መልክ እያዩ እዚያው እንዲያርሙ ያደርጋል። «ዶክዩመንት ሎኬሽን» የተከፈተው ፋይል የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ በሳጥን ያሳያል፤ የአንድ ደብዳቤ አራት ቅጂ በፍላሽ፣ በዴስክቶፕና በዳውንሎድስ ተበትኖ ለሚቸገር ሰው የትኛውን እያረመ እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል። ብዙ ፋይል ከፍቶ ለሚሠራ ደግሞ «ሴቭ ኦል» መብራት ሊጠፋ ይችላል ብሎ በሚሰጋበት ሰዓት ሁሉንም በአንዴ ያስቀምጥለታል።

ኤክሴል ላይ «ፔስት ቫልዩስ» ቀመሩን ትቶ ውጤቱን ብቻ ይለጥፋል። «አውቶፊልተር» ቆመው ያሉበትን ሴል ዋጋ ወስዶ ዝርዝሩን በእሱ ያጣራል፤ ከሪበኑ ፊልተር በሁለት ሦስት ክሊክ ይቀንሳል። «ፎርም» አንዱን ረድፍ በትንሽ መስኮት አውጥቶ መዝገብ ለመሙላት ያመቻል፤ እስከ 32 ዓምድ ድረስ ይሠራል። «ካሜራ» የመረጡትን የሴሎች ክልል እንደ ሥዕል ወስዶ ሌላ ሺት ላይ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር ሥዕሉም አብሮ ይቀየራል። «ካልኩሌተር» የዊንዶውስን ማስሊያ ይከፍታል።

«ኩዊክ ፕሪንት» ላይ ግን ይጠንቀቁ። ምንም ሳይጠይቅ ሰነዱን በሙሉ ወደ ዋናው ፕሪንተር ይልካል። ማስገባት ካለብዎት ብዙ ከሚጫኑት አዝራር አጠገብ አያድርጉት፤ አንዲት የተሳሳተች ክሊክ 80 ገጽ ወረቀትና ቀለም ታስወጣለች።

ከሪበኑ በላይ ይሻላል ወይስ በታች?

አዝራሮችዎ ከአምስት ካለፉ በታች ይሻላል። በላይ ሲሆን ከፋይሉ ስምና ከመፈለጊያው ሳጥን ጋር ቦታ ይሻማል፤ መስኮቱ ሲጠብ የተረፉት አዝራሮች በቀኝ ጫፍ ካለችው ድርብ ቀስት ሥር ይገባሉ። በታች ሲሆን የመስኮቱን ሙሉ ስፋት ያገኛል፣ ለማውሱም ይቀርባል። ለመቀየር ቱልባሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ሾው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር ቢሎው ዘ ሪበን» ይምረጡ።

ጉዳቱ አንድ መስመር ያህል የጽሑፍ ቦታ መውሰዱ ነው። ስክሪናቸው 1366 በ768 በሆነ ላፕቶፖች ላይ ይህ ይሰማል። መፍትሔው ኮንትሮልና ኤፍ 1ን አንድ ላይ መጫን ነው፤ ሪበኑ ይታጠፋል፣ ቱልባሩ ግን ይቀራል። የሚፈልጓቸውን ትእዛዞች በሙሉ ቱልባሩ ላይ ካስቀመጡ ሪበኑን እንደታጠፈ ትቶ መሥራት ይቻላል፤ የሚገኘው የጽሑፍ ቦታ ከተወሰደው በብዙ ይበልጣል።

ማውስ ሳልነካ አዝራሮቹን መጫን እችላለሁ?

አዎ፤ የዚህ ቱልባር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ያለው። አልት ቁልፍን አንዴ ሲጫኑ በእያንዳንዱ አዝራር ላይ ቁጥር ይወጣል። ከግራ የመጀመሪያው 1፣ ቀጣዩ 2 እያለ እስከ 9 ይሄዳል። አልትን ይዞ 3ን መጫን ሦስተኛውን አዝራር መጫን ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ለቦታው እንጂ ለትእዛዙ አይደለም፤ «ፔስት ቫልዩስ»ን መጀመሪያ ላይ ካደረጉት አልት እና 1 ፔስት ቫልዩስ ሆነ ማለት ነው።

አሥረኛው አዝራር ላይ ሲደረስ ነገሩ ይንዛዛል። አልት፣ ከዚያ 0፣ ከዚያ 9 መጫን ያስፈልጋል፤ አሥራ አንደኛው 0 እና 8 ይሆናል፤ እንዲህ ወደ ኋላ እየቆጠረ አሥራ ስምንተኛው 0 እና 1 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ 0 እና የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። ጣት ይህን አይለምደውም። ከዘጠኝ አትለፉ የምንለው ለዚህ ነው።

ቦታዎቹን አንዴ ካጸኑ በኋላ አይነካኩ። መካከል ላይ አንድ አዝራር ማስገባት ወይም ማውጣት የሚቀጥሉትን ቁጥሮች በሙሉ ያዛባል፤ ጣትዎ ግን የድሮውን ቁጥር ነው የሚያስታውሰው። አዲስ ነገር በቀኝ ጫፍ ይጨምሩ። በማይክሮሶፍት 365 ላይ «አውቶሴቭ» የሚለው ማብሪያ ማጥፊያም አንድ ቦታ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ 1ን የሚወስደው እሱ ነው። ከዝርዝሩ ቢያወጡት ወይም ወደ መጨረሻ ቢወስዱት 1 ለሚፈልጉት ትእዛዝ ይተርፋል።

አልትና ቁጥር ስጫን ሌላ ምልክት ይጽፍብኛል፤ አንዳንዴም ምንም አይሠራም። ለምን?

ምልክት የሚጽፍብዎት በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ካለው የቁጥር ሰሌዳ ስለሚጫኑ ነው። ዊንዶውስ አልትን ከዚያ ሰሌዳ ቁጥር ጋር ሲያገኝ የምልክት ኮድ የተጻፈ አድርጎ ይወስደዋል፤ የፈገግታ ፊትና የልብ ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከፊደላቱ በላይ በተደረደሩት ቁጥሮች ይጠቀሙ።

ምንም የማይሠራ ከሆነ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ መሆንዎን ይዩ። አልት ከተጫነ በኋላ የሚጠበቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ፣ ከ0 በኋላ ፊደል የሚጠይቁት አዝራሮችና የሪበኑ ታቦች የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ሳለ ላይታዘዙ ይችላሉ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው ስፔስ በመጫን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩና ደግመው ይሞክሩ።

ወርድ ላይ ያስገባሁት ኤክሴል ላይ የማይታየው ለምንድን ነው?

እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቱልባርና የራሱ የማስተካከያ ፋይል ስላለው ነው። የወርዱ ለኤክሴል፣ የኤክሴሉ ለፓወርፖይንት አይተላለፍም፤ በየፕሮግራሙ ገብቶ ማስተካከል ግድ ነው። ሦስቱም ላይ ያሉ ትእዛዞችን በሦስቱም ላይ በአንድ ቁጥር ቢያስቀምጡ ግን ጣትዎ አንድ ነገር ብቻ ይለምዳል።

አዝራሩ አለ፤ ግን ደብዝዞ አይጫንም።

ትእዛዙ አሁን ባሉበት ሁኔታ አይሠራም ማለት ነው እንጂ አዝራሩ አልተበላሸም። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ ፋይል ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ወጥቶ «ፕሮቴክትድ ቪው» ካለ «ኢኔብል ኤዲቲንግ» እስኪጫኑ ድረስ አብዛኞቹ አዝራሮች ይደበዝዛሉ። ላኪውን የሚያውቁት ከሆነ ብቻ ይጫኑት። የሠንጠረዥ ትእዛዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ካልቆሙ፣ የሥዕል ትእዛዝ ሥዕል ካልመረጡ አይሠራም። «ካሜራ» ሴል ካልተመረጠ፣ ብዙዎቹ የኤክሴል ትእዛዞች ደግሞ ሺቱ በይለፍ ቃል ከተቆለፈ ወይም ሴል ውስጥ ጽሑፍ እየጻፉ ከሆነ ይደበዝዛሉ። ለመጨረሻው ኢንተር ወይም ኢስኬፕ መጫን ይበቃል።

አማርኛ ስጽፍ ቃሉ ሁሉ ሥሩ በቀይ ይሰመራል። ለዚህ አዝራር አለ?

ወርድ ጽሑፉን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚያርም ነው የሚያሰምረው። «ሪቪው» ታብ ላይ «ላንጉዌጅ» ሥር «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ወደ ቱልባሩ ያስገቡት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በኮንትሮልና ኤ መርጠው አዝራሩን ይጫኑ፤ በሚወጣው መስኮት «ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ ኦር ግራመር» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው «ኦኬ» ይበሉ። ቀዩ ይጠፋል። ሰነዱ ውስጥ እንግሊዝኛ ካለ ግን ሁሉንም አይምረጡ፤ የአማርኛውን ክፍል ብቻ ይምረጡ፤ አለዚያ የእንግሊዝኛው ስህተትም ሳይታይ ያልፋል።

አዝራሮቹን ማተለቅ፣ ሥዕላቸውን ወይም ስማቸውን መቀየር ይቻላል?

መጠናቸውን ለብቻ ማስተካከያ የለም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማስፋት ግን ይቻላል፤ በቱልባሩ ጫፍ ካለችው ትንሽ ቀስት «ተች ማውስ ሞድ»ን ያስገቡና «ተች» ላይ ያድርጉት። ሪበኑም አብሮ ይሰፋል። በአዳዲሶቹ ቅጂዎች ቱልባሩ ከሪበኑ በታች ሲሆን ከሥዕሉ ጎን ስሙን ማሳየትም ይቻላል፤ ቱልባሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ሾው ኮማንድ ሌብልስ» ይበሉ። ቦታ ግን በጣም ይበላል።

ሥዕልና ስም መቀየር የሚቻለው ለማክሮ አዝራሮች፣ ማለትም ቀጣዩ መልስ ለሚያስረዳቸው እርስዎ ለሚሠሯቸው አዝራሮች ብቻ ነው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ በቀኙ ዝርዝር ሥር ያለው «ሞዲፋይ» የሚለው አዝራር ለኦፊስ የራሱ ትእዛዞች የማይነቃው ለዚህ ነው።

ደጋግሜ የምሠራውን ሥራ የራሴ አዝራር ማድረግ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ማክሮ ይባላል፤ የሚሠሩትን አንዴ ቀድቶ አዝራሩን ሲጫኑ ራሱ ይደግመዋል፤ ኮድ መጻፍም አያስፈልግም። ወርድ ላይ የአማርኛ ጽሑፍን በአንድ ጊዜ ኒያላ፣ 12 እና ግራ ቀኙ እኩል የሚያደርግ አዝራር እንሥራ። መጀመሪያ የተወሰነ ጽሑፍ ይምረጡ፤ ቅጂው ከተጀመረ በኋላ በማውስ ጽሑፍ መምረጥ አይቻልም። «ቪው» ታብ ላይ ከ«ማክሮስ» ሥር ካለችው ቀስት «ሪኮርድ ማክሮ» ይጫኑ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፉ፤ በቁጥር አይጀምሩ። «ስቶር ማክሮ ኢን» የሚለው «ኦል ዶክዩመንትስ» ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የመዶሻ ሥዕል ያለበትን «በተን» የሚለውን ይጫኑ። የቱልባሩ መስኮት ራሱ ይከፈታል፤ ማክሮዎ በግራ በኩል «ኖርማል» በሚል ጀምሮ ይታያል። «አድ» ይበሉ፤ ከዚያ በቀኙ ዝርዝር መርጠው «ሞዲፋይ» ይበሉና ሥዕል ይምረጡለት። ከሥዕሎቹ ሥር ባለው የስም ሳጥን በአማርኛ መጻፍ ይችላሉ፤ ማውስ ሲያርፍበት የሚወጣው ያ ስም ነው። «ኦኬ» ሲሉ ቅጂው ይጀምራል፤ የማውሱ ቀስት ከጎኗ የካሴት ምልክት ትይዛለች። ከ«ሆም» ፎንቱን፣ መጠኑን፣ አሰላለፉን አንድ በአንድ ይምረጡ፤ ሲጨርሱ ወደ «ቪው» ተመልሰው «ስቶፕ ሪኮርዲንግ» ይበሉ። የሠሩት ስህተት ሁሉ አብሮ ስለሚቀዳ ቀስ ብለው ይሥሩት።

ኤክሴል ላይ የቅጂው መስኮት «በተን» የለውም። «ስቶር ማክሮ ኢን» ላይ «ፐርሰናል ማክሮ ወርክቡክ» መርጠው ይቅዱ፤ አዝራሩን በኋላ ከ«ኦፕሽንስ» ይጨምሩ፤ «ቹዝ ኮማንድስ ፍሮም»ን «ማክሮስ» ላይ አድርገው። ኤክሴልን ሲዘጉ የፐርሰናል ወርክቡኩን ለውጥ ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ሴቭ» ይበሉ፤ «ዶንት ሴቭ» ካሉ ማክሮው አብሮ ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤክሴል ላይ ማክሮ ሲሠራ ወደ ኋላ መመለሻው ይጸዳል። ከማክሮው በፊት የሠሩትንም በኮንትሮልና ዜድ መመለስ አይችሉም፤ ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ሴቭ ያድርጉ።

የማክሮ አዝራሬን ስጫን ማክሮው አልተገኘም ይላል።

አዝራሩ የሚይዘው የማክሮውን አድራሻ እንጂ ማክሮውን አይደለም። ማክሮው ያለበት የኤክሴል ፋይል ስሙ ከተቀየረ፣ ወደ ሌላ ፎልደር ከሄደ ወይም በፍላሽ ላይ ሆኖ ፍላሹ ከተነቀለ አዝራሩ ባዶ አድራሻ ያንኳኳል። ፋይሉን ወደነበረበት ይመልሱ፤ አለዚያ አዝራሩን አውጥተው ከአዲሱ ቦታ ዳግም ያስገቡ።

መልእክቱ ማክሮ ታግዷል የሚል ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 ወዲህ ከኢንተርኔት በወረዱ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን ያግዳል። ፋይሉን ዘግተው ራይት ክሊክ ያድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ከታች «አንብሎክ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህን የሚያደርጉት ፋይሉን ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት ካወቁ ብቻ ነው፤ ቫይረስ ከሚገባባቸው ዋና በሮች አንዱ ማክሮ ነው።

አዝራሩ በአንድ ፋይል ላይ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። «ኦፕሽንስ» ውስጥ በቀኙ ዝርዝር አናት ላይ «ፎር ኦል ዶክዩመንትስ» የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን ወደ ተከፈተው ፋይል ስም ይቀይሩና አዝራሩን ያስገቡ። አዝራሩ የሚቀመጠው ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉን የላኩለት ሰውም ያየዋል። ለጋራ የደመወዝ ወይም የእቃ መመዝገቢያ ፋይል በጣም ያመቻል። እነዚህ አዝራሮች ከራስዎ በስተቀኝ ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ የአልት ቁጥራቸው በየሰዉ ኮምፒውተር ይለያያል። አዝራሩ ማክሮ ከሆነ ፋይሉ ማክሮ በሚይዘው ዓይነት መቀመጥ አለበት፤ በተለመደው የኤክሴል ዓይነት ከተቀመጠ አዝራሩ ይቀራል፣ ማክሮው ይጠፋል።

ኮምፒውተሬ ፎርማት ሊደረግ ነው። ያስተካከልኩትን እንዴት ላድነው?

«ኦፕሽንስ» ውስጥ ከታች «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚል አለ፤ «ኤክስፖርት ኦል ከስተማይዜሽንስ» ይምረጡና ፋይሉን ፍላሽ ላይ ወይም ለራስዎ በኢሜይል ያስቀምጡ። ከወርድ የወጣው ለወርድ ብቻ ስለሚሆን በየፕሮግራሙ ለየብቻ ያውጡ። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ቦታ «ኢምፖርት ከስተማይዜሽን ፋይል» ብለው ያስገቡት።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ኢምፖርት አይደምርም፤ ይተካል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቱልባርና የሪበን ማስተካከያ በሙሉ አጥፍቶ አዲሱን ያስቀምጣል። የባልደረባዎን ፋይል ከመቀበልዎ በፊት የራስዎን ኤክስፖርት ያድርጉ። ሁለተኛ፣ ይህ ፋይል ማክሮዎችን አይዝም። የወርድ ማክሮ አዝራር ካለዎት በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ማክሮውን በዚያው ስም ዳግም ይቅዱት፤ አዝራሩ ስሙን ስለሚያውቅ ወዲያው ይሠራል።

ሁሉም ነገር ተዘባርቋል። ወደ መጀመሪያው መመለስ እፈልጋለሁ።

በዚያው መስኮት «ሪሴት» ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። «ሪሴት ኦንሊ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» ቱልባሩን ብቻ ይመልሳል፤ «ሪሴት ኦል ከስተማይዜሽንስ» ሪበኑ ላይ የሠሩትንም ያጠፋል። በአብዛኛው የመጀመሪያው ይበቃል።

ሪሴት ካደረጉም በኋላ ቱልባሩ ባዶ ከሆነ ወይም ጭማሪ የማይቀበል ከሆነ የማስተካከያ ፋይሉ ተበላሽቷል። ወርድን ይዝጉ። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነው በሚወጣው ሳጥን የፐርሰንት ምልክት፣ ሎካልአፕዳታ፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት በእንግሊዝኛ ፊደል ሳያራርቁ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «ኦፊስ» ፎልደር ውስጥ ይግቡ። «ወርድ» በሚል ጀምሮ «ኦፊስ ዩአይ» በሚል የሚያልቅ ፋይል ያገኛሉ፤ አያጥፉት፤ ስሙን ይቀይሩት። ወርድ ሲከፈት አዲስ ይሠራል።

ያስገባሁት ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

የጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም በኢንተርኔት ቤት፣ ኮምፒውተሩን በበራ ቁጥር ወደነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። ያኔ የተቀመጠ ፋይልም አብሮ ስለሚጠፋ በቀላሉ ይታወቃል። የኤክስፖርት ፋይልዎን ፍላሽ ላይ ይዘው በየጊዜው ኢምፖርት ማድረግ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ማስተካከያው የሚቀመጠው በገቡበት የተጠቃሚ ስም ሥር ነው። ዛሬ በአንድ ስም፣ ነገ በሌላ ስም ከገቡ ቱልባሩ የተለያየ ነው። በአንድ ስም እየገቡም የሚጠፋ ከሆነ የአይቲ ክፍሉ ቱልባሩን ከማዕከል የሚወስን መመሪያ አስቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ፋይል እየሰረዙ ከመድከም እነሱን መጠየቅ ይሻላል።

ማክ ላይ ወይም ብራውዘር ውስጥ በሚከፈተው ወርድስ?

ማክ ላይ ቱልባሩ አለ። ከ«ወርድ» ሜኑ «ፕሪፈረንስስ»፣ ቀጥሎ «ሪበን ኤንድ ቱልባር» ገብተው አዝራር መጨመርና ቅደም ተከተል መቀየር ይቻላል። በአልትና በቁጥር መጫን ግን የዊንዶውስ ነው፤ ማክ ላይ ያው ፍጥነት ከተፈለገ ለትእዛዙ የኪቦርድ አቋራጭ መስጠት ያስፈልጋል፤ ወርድ ላይ «ቱልስ» ሜኑ ውስጥ «ከስተማይዝ ኪቦርድ» የሚለው ለዚህ ያገለግላል። በብራውዘር የሚከፈተው ወርድ ዴስክቶፑ ላይ ያስተካከሉትን ቱልባር አይወስድም፤ ፋይሉን እዚያ ከፍተው አዝራሮችዎን ካጡ «ኦፕን ኢን ዴስክቶፕ አፕ» በሚለው ወደ ኮምፒውተርዎ ወርድ ያሻግሩት።